«ሴኖባይት» ማለት ምን ዓይነት መነኩሴ ነው?

የጣና አስጎብኚ፦
ሰላም ቤቶች። ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። ጀልባ ላይ አንዲት እንግሊዛዊት «እዚህ ያሉት መነኮሳት ሴኖባይት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቆይ፣ ስንወርድ እነግርሻለሁ» ብዬ ሸወድኳት። ጎግል ሳደርገው ደግሞ የሚያመጣልኝ የሆረር ፊልም ጭራቅ ነው! ቃሉ ከየት መጣ? በእኛስ ምን ይባላል?

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ቃሉ ግሪክ ነው። «ኮይኖስ» የጋራ፣ «ቢዮስ» ኑሮ። በላቲን በኩል ዞሮ እንግሊዝኛ ሲደርስ «ኮ»ው «ሴ» ሆነ። የአንድነት ገዳም መነኩሴ ማለት ነው። የግል ገንዘብ የለ፣ የግል ማድጋ የለ። ልጅ ሆኜ የተማርኩበት ገዳም እንደዚያ ነበር። ደወል ሲመታ ሁሉም ካለበት ይመጣል። መጋቢው ዳቤውን እየቆረሰ ለአበምኔቱም ትናንት ለገባው ረድእም እኩል ያድላል። ጠርዙ የደረሰው አያጉረመርምም። (እኔ አጉረመርም ነበር።)

ሥርዓቱን ያቆመው ግብጻዊው አባ ጳኩሚስ ነው። በወጣትነቱ ለሮም ጦር በግድ ታፍሶ ነበር። ተዘግቶበት ሳለ የማያውቃቸው ክርስቲያኖች ምግብ አመጡለት። ከጦሩ ሲለቀቅ ተጠመቀ። ከ320 እ.ኤ.አ. ወዲህ ላይኛው ግብጽ፣ ጣቤኔሲ ላይ መነኮሳትን ባንድ አጥር ሰበሰበ፤ በየሙያቸውም ቤት ቤት መደባቸው። የላቲኑ ሊቅ ጄሮም ደንቡን በ404 ወደ ላቲን መለሰው። ደብረ ዳሞን ያቀኑትን አቡነ አረጋዊንም ገድላቸው የጳኩሚስ ደቀ መዝሙር ያደርጋቸዋል።

ሰብለ ጎንደር፦
ቆይ ቆይ። «ሞንክ»ም «መነኩሴ»ም ሥራቸው የግሪኩ «ሞናኮስ» ነው፤ ብቸኛ ማለት። በማኅበር እየበላ ምኑን ብቸኛ ሆነ?

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
ሚስት የለው፣ ርስት የለው፤ ከዚህ በላይ ምን ብቸኝነት አለ? ይልቅ ለምዕራቡ መነኮሳት ሥርዓት የጻፈው ቅዱስ ቤኔዲክት በደንቡ 1ኛ ምዕራፍ መነኮሳትን አራት ቦታ ሲከፍላቸው ሴኖባይቶቹን ያስቀድማል። መጨረሻ ያስቀመጣቸው በየገዳሙ ሦስት አራት ቀን እየተስተናገዱ የሚዞሩትን ነው። ሲወርድባቸው ብታዪ!

የጣና አስጎብኚ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የቁሪቱንስ፣ መነኮሳቱ በየግላቸው የሚኖሩበትን ገዳም ማለቴ ነው፣ ምን ልበላት? ነገም አብራኝ ናት።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
«ኢዲዮሪዝሚክ» በላት። እሱም ግሪክ ነው፤ በየራሱ ልክ የሚኖር። ግሪክ አገር፣ አቶስ ተራራ ላይም እንዲህ ያሉ ገዳማት ነበሩ፤ የመጨረሻው ወደ አንድነት የተመለሰው ገና በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። የጣናዎቹን ግን የትኛው አንድነት፣ የትኛው ቁሪት እንደሆነ ከጀልባ ነጂ አትስማ። መጋቢውን ጠይቅ።