ካሜራው ሲዞር ይጠፋል፣ ቴስተሩ ግን 12 ቮልት ያሳያል

ሽቦ ጎታች፦
ሰላም ጓዶች። አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ለላይቭ የሚሆን የሚዞር ካሜራ ከኋላ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። አዳፕተሩ መድረኩ ጎን ሚክሰሩ ካለበት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከዚያ እስከ ካሜራው 35 ሜትር ይሆናል፣ ሽቦው ባለ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር። ቆሞ ሲቀርጽ ምንም አይልም። ወደ ተናጋሪው ዙር ስትለው ግን ድርግም ብሎ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ያውም ንግግሩ ሲሞቅ። ካሜራው ላይ 12 ቮልት 1.5 አምፔር ይላል፣ አዳፕተሩ 12 ቮልት 3 አምፔር ነው። ጫፉን ነቅዬ በቴስተር ስለካው ጥርት ያለ 12 ቮልት። ካሜራው ነው የተበላሸው? ባለቤቶቹ ቀይርልን እያሉኝ ነው።

ባለ ኦም፦
ካሜራውን አትንካው። ነቅለህ ስትለካ በሽቦው የሚሄድ ከረንት የለም፣ ከረንት ከሌለ ደግሞ ሽቦው የሚበላው ቮልቴጅ የለም፣ 35 አይደለም 300 ሜትር ብትጎትት ያው 12 ያሳይሃል። እንደተሰካ፣ ሞተሩ እየዞረ፣ ካሜራው ጫፍ ላይ ለካ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለመዳብ 0.0175ን በርዝመቱ አባዛና በሽቦው ካሬ ሚሊሜትር አካፍል፣ ኦሙን፣ ማለትም ሽቦው ከረንቱን የሚገታበትን መጠን፣ ይሰጥሃል። ርዝመቱ ግን 70 ነው እንጂ 35 አይደለም፣ መሄጃውም መመለሻውም ሽቦ ነው፣ ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚሸወደው። ያንተ 1.63 ኦም ይመጣል፣ እሱን በአምፔሩ ስታባዛው መንገድ ላይ የሚጠፋውን ቮልት ታገኛለህ። ቆሞ 0.5 አምፔር ቢስብ 0.8 ቮልት ይጠፋል፣ 11.2 ይደርሰዋል፣ ይሠራል። ሲዞር 1.5 ከሳበ 2.45 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 9.5 አካባቢ ደርሶት ባይጠፋ ነበር የሚገርመኝ።

ሽቦ ጎታች፦
አሃ! 5 አምፔር አዳፕተር ልገዛ ነበር እኮ። በባለ 1.5 ሽቦ ብቀይረውስ?

ባለ ኦም፦
5 አምፔር ምንም አይፈይድልህም፣ ሽቦው ያው ሽቦ ነው። በባለ 1.5 የሚጠፋው 1.2 ቮልት ነው፣ 10.8 ይደርሳል። ካሜራው 10 በመቶ ቅናሽ የሚችል ከሆነ ልክ ጠርዙ ላይ ነህ ማለት ነው። በባለ 2.5፣ ያው ለሶኬት የምንጎትተው፣ 0.7 ብቻ ይጠፋል። እኔ ብሆን እሱን ነው የምጎትተው።

ማታ ሠሪ፦
ከመጎተትህ በፊት ጫፉን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አርገህ እይ። ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ኦሙ ከንጹህ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፣ ከላይ ያለው ሒሳብ በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ገበያው ሞልቶታል፣ ርካሽ ነው ብለህ እንዳትሸወድ።

አዲስ ሽቦ መጎተት ካልፈለግህ ደግሞ ከሳጥኑ 24 ቮልት ላክና ካሜራው ሥር 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ትንሽ ኮንቨርተር አድርግ። ኮንቨርተሩ የሚያባክነው ተጨምሮ 20 ዋት ብትል ሽቦው ላይ 0.9 አምፔር ብቻ ነው የሚሄደው፣ 1.5 ቮልት ገደማ ይጠፋል፣ ከ24 ላይ ሲቀነስ ኮንቨርተሩ አይሰማውም፣ ለካሜራው 12ቱን አስተካክሎ ይሰጠዋል። አንዳንዱ አዳፕተሩን ወደ 14 ከፍ አርገው ይልሃል፣ አትስማው። ካሜራው ዝም ብሎ ሲቆም ሽቦው ላይ የሚጠፋው ትንሽ ስለሆነ አብዛኛው ቮልት እሱው ላይ ነው የሚያርፈው።

ሽቦ ጎታች፦
ፋቅኩት፣ ቀይ ነው፣ መዳብ። ኋላ ግድግዳው ላይ ሶኬት አለ፣ አዳፕተሩን እዚያው ብሰካውስ?

ባለ ኦም፦
ሶኬት እያለ ነው እንዴ እስካሁን ያስለፋኸን 😂 እዚያው ሰካው። ብቻ ሶኬቱ ከአዳራሹ መብራት ማብሪያ ጋር አብሮ የሚጠፋ እንዳይሆን አረጋግጥ፣ ፕሮጀክተር ሲከፈት መብራት ያጠፋሉ።