ክርክር፦ የፈረንሳይ ሊግ ዋንጫ መቅረቱ ልክ ነበር?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መከራከሪያችን የፈረንሳይ ሊግ ዋንጫ ነው። በ1994/95 ተጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጁላይ 2020 ፒኤስጂ (ፓሪስ ሴንት ዠርሜን) ሊዮንን በመለያ ምት 6 ለ 5 አሸንፎ ካነሳው በኋላ ቀርቷል። የሊጉ አስተዳደር እንዲቆም የወሰነው በሴፕቴምበር 2019 ነበር። ለቀጣዮቹ ዓመታት የቴሌቪዥን መብቱን የሚገዛ ጠፍቶ ነበር። ልክ ነበሩ ወይስ ተሳስተዋል?

መሀል ተከላካይ፦ ልክ ነበሩ። አንድ አገር ሁለት ጥሎ ማለፍ ምን ያደርግለታል? የፈረንሳይ ዋንጫ ከ1917 ጀምሮ አለ። ከመንደር ቡድን አንስቶ እስከ ባህር ማዶ ግዛት ክለቦች ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ይሳተፉበታል። ሊግ ዋንጫ ግን ለፕሮፌሽናሎቹ የተዘጋጀ ነበር። ፒኤስጂ ከ2014 እስከ 2018 ለአምስት ዓመት ያለ ማቋረጥ ወሰደው፤ በድምሩ ከ26ቱ 9ኙ የእሱ ናቸው። አሸናፊው ቀድሞ የታወቀን ውድድር ማን ገንዘብ ከፍሎ ያያል?

የድሮ ኳስ፦ ወንድሜ፣ የአምስቱን ዓመት ጠቀስክና ሃያ አንዱን ዘለልከው። በኤፕሪል 2000 ጉኞን የሚባል የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ስታድ ደ ፍራንስ ላይ ያንኑ ፒኤስጂን 2 ለ 0 አሸነፈ። የከተማው ሕዝብ አሥር ሺህ አይሞላም። በዚያ ዋንጫ የአውሮፓ ውድድር ውስጥ ገባ! ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ በፈረንሳይ ዋንጫ የአራተኛ ዲቪዚዮኑ ካሌ ፍጻሜ ደርሶ፣ ናንትን መርቶ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 ተሸነፈ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ትንንሽ ከተሞች ያን ያህል ያዩት ሁለት ዋንጫ ስለነበረ ነው።

መሀል ተከላካይ፦ 2000 ሩቅ ነው። ገንዘቡ ያኔ እንዲህ አልተራራቀም።

የድሮ ኳስ፦ እሺ፣ ሩቁን ተወው፤ ውሳኔው የተላለፈበትን ዓመት እንይ። ጃንዋሪ 2019፣ ሩብ ፍጻሜ፣ የፒኤስጂ ሜዳ ፓርክ ደ ፕሪንስ። ጉዊንጋምፕ የሊጉ መጨረሻ ነው። ሦስት ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። የመጀመሪያውን ማርከስ ቱራም ሳተ፤ ወዲያው የፒኤስጂው ኔይማር አገባና ሁሉም አለቀ ተባለ። ከዚያ ንግባኮቶ አቻ አደረገ፣ በጭማሪ ሰዓት ቱራም ያቺን የሳታትን ዓይነት ኳስ እንደገና አስቀምጦ መታና 2 ለ 1። ከአሥር ቀን በኋላ በሊጉ እዚያው ሜዳ ላይ 9 ለ 0 ተሸነፉ። ሊግ ማለት ይሄ ነው፤ የአቅም ልዩነት ሳይሸሸግ የሚወጣበት። ጥሎ ማለፍ ግን ለአንድ ምሽት ዕድል ይሰጣል፣ እኔ የምቆረቆረው ለዚያ ምሽት ነው።

ፍጻሜውን ደግሞ ስትራስቡርግ በመለያ ምት ወሰደው። ይህ ክለብ በ2011 ከስሮ አምስተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ነበር። ዋንጫውን በወሰደበት ዓመት በሊጉ የጨረሰው 11ኛ ሆኖ ነው፤ በደረጃ ሰንጠረዥ ቢሆን አውሮፓን አያያትም። በዋንጫው ምክንያት ግን ማካቢ ሃይፋንና ሎኮሞቲቭ ፕሎቭዲቭን ጥሎ፣ አይንትራክት ፍራንክፈርትን በሜዳው 1 ለ 0 አሸንፎ፣ በመልሱ ጨዋታ ነው የወጣው። ይህ በሆነ በወሩ ውድድሩ ይቁም ተባለ። እንዴት ሞቶ ነበር ትላላችሁ?

ግራ ክንፍ፦ በስሜቱ እስማማለሁ፣ ግን ቀን ከየት ይመጣል? ትልልቆቹ የአውሮፓ ውድድሮች ከ2024 ጀምሮ የመጀመሪያ ዙራቸው እስከ ጃንዋሪ ይሄዳል። ፈረንሳይ ሊጉን ራሱን በ2023/24 ከ20 ወደ 18 ክለብ ቀንሳለች። ተጫዋቾቹ እኮ ሰዎች ናቸው፤ በየሦስት ቀኑ ሲጫወቱ ጉልበታቸው ያልቃል። ሁለተኛ ዋንጫ ቢኖር ትልልቆቹ ተጠባባቂዎቻቸውን ነው የሚያሰልፉት።

የድሮ ኳስ፦ ያሰልፉ! የተጠባባቂውም የትንሹም ክለብ ቀን ይሁን። እንግሊዝ ሊግ ካፑን ጠብቃ ስለያዘች አይደል ኒውካስል በ2025 ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ ከ70 ዓመት በኋላ ትልቅ የአገር ውስጥ ዋንጫ ያነሳው?

ስለ ገንዘቡም አንድ ልበል። ያኔ ሊጉ የተመካው ሜዲያፕሮ ከሚባለው የስፔን ኩባንያ ጋር በገባው የቴሌቪዥን መብት ውል ላይ ነበር። ሜዲያፕሮ በኦክቶበር 2020 ክፍያ አቋረጠ፣ በዲሴምበር ውሉ ፈረሰ። ዋንጫው ገዢ የለውም ተብሎ ቀረ፤ የሊጉ ገዢ ራሱ ግን ከጥቂት ወራት በላይ አልቆየም። የቴሌቪዥን ገበያ የአንድ ውድድር ዋጋ መለኪያ ሊሆን አይገባም።

መሀል ተከላካይ፦ በሜዲያፕሮው ጉዳይ አልከራከርህም። ግን ለትንንሾቹ መንገዱ አልተዘጋም። ቱሉዝ በ2023 የፈረንሳይ ዋንጫን ናንትን 5 ለ 1 አሸንፎ ወሰደ፣ በኖቬምበርም በዩሮፓ ሊግ ሊቨርፑልን 3 ለ 2 ረታ። የፈረንሳይ ዋንጫ ብቻውን በቂ ነው።

የድሮ ኳስ፦ ለቱሉዝ በቃ። ለጉኞንና ለስትራስቡርግ ግን አንዱ ብቻ ቢኖር ኖሮ አይደርሳቸውም ነበር። የሊግ ዋንጫው የአውሮፓ ቦታ ወደ ደረጃ ሰንጠረዡ ተመልሷል፤ የሚጠቀመውም በሰንጠረዡ ላይ ወደ ላይኛው ጫፍ የተጠጋ ክለብ ነው። 11ኛ ለጨረሰ ቡድን ያ ቦታ አሁን የለም።

አወያይ፦ ሌሎቻችሁስ? በተለይ ውድድሩ በተሻሻለ መልክ ይመለስ የምትሉ ካላችሁ፣ የትኞቹ ክለቦች ቢሳተፉበት እንደሚሻል ጻፉ።