ጥቆማ፦ ድርብርብ ሜሬንግ ጎንደር ላይ ለመሥራት እንቁላሉን፣ ክሬሙንና ምድጃውን ከየት?

«ለታናሽ እህቴ መልስ ከተለመደው ኬክ ለየት ያለ ነገር ማቅረብ እፈልጋለሁ። ሜሬንግ በክሬምና በፍራፍሬ ተደራርቦ የሚሠራውን ጎንደር ውስጥ ማን ይሠራልኛል? ወይስ ራሴ ልሞክረው?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ራስሽ ሥሪው፤ ምድጃውን ብቻ ከሰው ተዋሺ። እኔ ማራኪ ሰፈር ቤቴ ውስጥ ለክርስትና፣ ለምርቃትና ለመልስ ስሠራው አምስት ዓመት ሆኖኛል። የተበላሸብኝም ያማረልኝም ስላለ የሞከርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እነግርሻለሁ። ዋጋ አልጽፍም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይለወጣል።

ቀምሰውት ለማያውቁ፦ ሜሬንግ ማለት የእንቁላል ነጭ ከስኳር ጋር ተመትቶ አረፋ ከሆነ በኋላ በለዘብተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ የሚደርቅ ጣፋጭ ነው። ታዋቂው ፓቭሎቫ የሚባለው ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በ1926 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን ከጎበኘችው ሩሲያዊት የባሌት ዳንሰኛ ከአና ፓቭሎቫ ነው። ሁለቱ አገሮች «እኛ ነን የፈጠርነው» እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ፓቭሎቫ አንድ ወፍራም ሆኖ መሐሉ ለስላሳ ነው። እኔ የምሠራው ሦስት ሳሳ ያሉ ክቦችን እየደራረብኩ ነው፤ ለብዙ እንግዳ ለመቁረጥ ይመቻል፣ በደንብም ይደርቃል።

ከምድጃው ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ኬክ ቤቶች በአንዱ አንድ ጊዜ አዝዤ ነበር። ክቦቹ በደንብ የደረቁ፣ ነጫጭና ቆንጆ ነበሩ። ነገር ግን ክሬሙን ከማታው ቀብተው ስላሳደሩት ጠዋት ስረከብ ሁሉም ርሶ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ጠበቀኝ። ስኳር ውሃ ይስባል፤ ክሬም የነካው ሜሬንግ ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ ጥርስ ላይ ቀርጨጭ ማለቱን አይጠብቅም። ስለዚህ ከኬክ ቤት ካዘዝሽ ክቦቹን ባዷቸውን ግዢ፤ ክሬሙን እቤት ቀቢው። ጊዜ ለሌለው ሰው ይህ ጥሩ መንገድ ነው። ከሁለት ቀን በፊት መንገር ግን ያስፈልጋል፤ በጥር የሠርግ ትእዛዝ ይበዛባቸዋል።

የቤት ኦቨን ያላችሁ ደግሞ የምትፈሩት መብራት ነው። ሜሬንግ በ100 እና በ110 ዲግሪ መካከል አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፤ ከዚያ ምድጃው ከጠፋ በኋላ በሩ ሳይከፈት ውስጡ ይቀዘቅዛል። በ40ኛው ደቂቃ መብራት ሄዶብኝ፣ ልይ ብዬ በሩን ከፍቼ ሁሉም ወርዶ ጠፍጣፋ ሙጫ ሆኖብኛል። መብራት ከሄደባችሁ አትክፈቱ። ያለው ሙቀት ሥራውን ይቀጥላል፤ ሲመለስ ከቆመበት ማስኬድ ይቻላል። ሌላው የቤት ኦቨን ችግር ቁጥሩ ነው፤ የኔው 100 ላይ ሳደርገው ውስጡ 130 ነበር፣ ክቦቹም ቡናማ ሆኑ። የኦቨን ቴርሞሜትር ከአዲስ አበባ ሰው ልኬ ካስመጣሁ ወዲህ ያ ቀርቷል።

ሦስተኛው መንገድ፣ እኔ አሁን የምሠራበት፣ ዳቦ ቤት ነው። በእንጨት የሚነድ የጡብ ምድጃ ያለው ዳቦ ቤት የመጨረሻውን ዳቦ ካወጣ በኋላ ምድጃው ወዲያው አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱ ሰዓት በሰዓት ቀስ እያለ ይወርዳል። ሜሬንግ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሰፈሬ ያለው ጋጋሪ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ዳቦውን ጨርሶ ይነግረኛል። ቴርሞሜትሬን አስገብቼ 120 አካባቢ ሲደርስ ትሪዎቼን እከታለሁ፣ በሩን ዘግተን እስከ ማግሥቱ ጎህ ድረስ አንነካውም። መብራት አያሳስብም፣ የሚከፈለውም ለአገልግሎቱ የሚሰጥ ትንሽ ገንዘብ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ምድጃው በኤሌክትሪክ ከሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛልና ለዚህ አይሆንም። ደግሞ ከሜሬንጉ ጋር እርጥብ ነገር፣ ለምሳሌ የበዓል ድፎ፣ አብሮ እንዳይገባ ለጋጋሪው አስቀድመሽ ንገሪው፤ እንፋሎቱ ያበላሸዋል።

ወቅቱም ከምድጃው እኩል ይፈርዳል። ከጥቅምት እስከ የካቲት የጎንደር አየር ደረቅ ነው፤ ክቦቹን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ካስቀመጥሻቸው አንድ ሳምንት ይቆያሉ። በሐምሌና በነሐሴ ግን በዚያው ቀን ካልተበሉ ይሙለጨለጫሉ። በክረምት ትእዛዝ አልቀበልም።

እንቁላል ላይ ብዙ አታስቢ። የሀበሻ እንቁላል አስኳሉ ይበልጣል፣ ይጣፍጣል፤ ለዚህ ሥራ የምንፈልገው ግን ነጩን ስለሆነ የፈረንጁ ይሻላል፤ ትልቅ ነው፣ ነጩ ብዙ ነው። ስድስት የፈረንጅ እንቁላል ወደ 200 ግራም ነጭ ይሰጣል፤ በሀበሻው ስምንት ወይም ዘጠኝ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ገበያ ከሚሸጡት ስትገዢ ቤት ወስደሽ ውሃ ውስጥ ክተቻቸው፤ የሚንሳፈፈውን አትጠቀሚ። እያንዳንዱን እንቁላል በትንሽ ሲኒ ላይ ለይተሽ ከዚያ ወደ ትልቁ ገልብጪ፤ አንድ ጠብታ አስኳል ከገባ ቅባቱ አረፋውን ይከለክለዋል። የፕላስቲክ ሳህን ቅባት ይይዛልና ብረት ወይም መስታወት ተጠቀሚ።

ስኳሩ በክብደት የነጩ እጥፍ ነው፣ 400 ግራም። የኛ ስኳር ፍሬው ትልቅ ስለሆነ እንዳለ ከተጨመረ ሳይሟሟ ይቀርና ክቡ ላይ እንባ ያወጣል። ቡና መፍጫ ውስጥ አድቅቂው፤ መፍጫውን ግን አስቀድመሽ በደረቅ ሩዝ ፈጭተሽ አጽጂው፣ አለዚያ ሜሬንጉ ቡና ቡና ይላል። ሱቅ የሚሸጠው የስኳር ዱቄት ስታርች ስላለበት ለመመታት አልወደውም። ከስኳሩ ሌላ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሎሚ ከሌለ አቸቶ፣ እና አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ይበቃል። ነጩን መጀመሪያ ባዶውን ምቺው፤ ነጭ አረፋ ሲሆን ስኳሩን በማንኪያ በማንኪያ ጨምሪ። በሁለት ጣትሽ አሽተሽ ስኳር ካልተሰማሽ፣ መምቻውን ስታነሺም ጫፉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደርሷል።

አሁን ወደ ክሬሙ። ጎንደር ላይ ይህን ጣፋጭ ከሌላ ቦታ የሚለየው ይህ ነው፣ እኔም ገንዘቤን የማወጣው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት አማራጭ አለ። አንዱ ሁሉም ኬክ ጋጋሪ የሚጠቀመው የክሬም ዱቄት ነው፤ በየሱፐርማርኬቱ ይገኛል፣ በቀዝቃዛ ወተት ሲመታ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በፀሐይም አይወርድም። ነገር ግን የተሠራው ከአትክልት ዘይት ነው፣ ራሱም ጣፋጭ ነው። ስኳር በስኳር ላይ ሆኖ እንግዳው ሁለተኛ ጉርሻ ሳይደግም ይተወዋል። ለጽጌረዳ ማስጌጫ እሺ፤ ለድርብርብ ሜሬንግ ግን አልመክርሽም። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣው የካርቶን ክሬም ነው። 35 በመቶ ቅባት ያለው ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ቁጥሩን አንብቢ፣ ከ30 በታች ከሆነ አይመታም። ችግሩ አንድ ሳምንት ይገኛል፣ ሁለት ወር ይጠፋል።

ሦስተኛው የራሳችን ወተት ነው። እኛ አገር ቅቤ የሚወጣው እርጎ ተንጦ ስለሆነ ገበያ ላይ ቅቤ እንጂ ያልረጋ ክሬም የሚሸጥ የለም፤ ስለዚህ ራስሽ ታወጫለሽ። ወደ አዘዞ በኩል ላም ከሚያረቡ ሰዎች ጠዋት የታለበ 10 ሊትር እወስዳለሁ። የሀበሻ ላም ወይም የፎገራ ዘር ከሆነ ቅባቱ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ የፈረንጅ ላም ወተት ብዙ ቢሆንም ቀጭን ነው። ሰፊ ድስት ውስጥ አድርጌ ፍሪጅ ሳሳድረው ላዩ ላይ ወፍራም ክሬም ይንሳፈፋል፤ በማንኪያ ስገፈው ከ1 ሊትር ትንሽ ያነሰ ይወጣል። የተረፈው ወተት ለእርጎ ይሆናል፣ የሚጣል የለም።

እዚህ ላይ ማንም ሳይነግረኝ በራሴ ላይ ደርሶ ያወቅሁት አለ። ባለ ላሞቹ የወተት ዕቃቸውን በወይራ ያጥኑታል። ለእርጎ ደስ ይላል፤ ለክሬም ግን ጢሱ እንጆሪውን ሁሉ ይውጠዋል። ስለዚህ ያልታጠነ የራስሽን ጀሪካን ይዘሽ ሂጂ። ክሬሙን ደግሞ ጥሬውን አትጠቀሚ፤ ካልፈላ ወተት ብሩሴላ የሚባለው የከብት በሽታና የሳንባ ነቀርሳ ይተላለፋል። በለስላሳ እሳት 66 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አቆይተሽ፣ ቶሎ አቀዝቅዘሽ፣ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ሲመታም ሳህኑም መምቻውም ቀዝቃዛ ይሁን። ከመጠን ካሳለፍሽው መናጥ ነውና ለጋ ቅቤ ይሆናል፤ ለስላሳ ሆኖ መምቻው ላይ ሲንጠለጠል አቁሚ። ስኳር ምንም አልጨምርበትም፤ ሜሬንጉ ራሱ በቂ ነው። ዱቄቱንና ይህን አጠገብ ለአጠገብ የቀመሱት አክስቴ «ይኼኛውማ ወተት ወተት ይላል» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዱቄት ገዝቼ አላውቅም።

ፍራፍሬ ላይ የምመርጠው ጎምዘዝ የሚለውን ነው። ስትሮቤሪ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ካልሆነ አላገኝም። እንጆሪ በወቅቱ ከገጠር በሳህን ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ካገኘሽ ሌላ አትፈልጊ። ፓሽን ፍሩት በማንኪያ ሲፈስበት ግሩም ነው። ማንጎ በጥር የገዛሁት ክሩ የበዛ ነበር፤ ካልበሰለ ተይው። ፓፓያና አናናስ ጥሬአቸውን ከክሬም ጋር ከቆዩ ክሬሙን መራራ ያደርጉታል፤ ልታቀርቢ ስትይ ብቻ ጣል አድርጊ። ሙዝ ሎሚ ይነስነስበት።

የተረፉትን ስድስት አስኳሎች አትጣያቸው። ከአራት ሎሚ ጭማቂ፣ ከ150 ግራም ስኳርና ከ100 ግራም ቅቤ ጋር (ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ ይሁን) በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እያማሰልሽ ማንኪያ እስኪሸፍን አብስዪው። ይህ የሎሚ ክሬም በንብርብሩ መካከል ሲገባ ጣፋጩን ይሰብረዋል። ከዚህ በላይ የሚሆን ፍራፍሬ የለም ማለት ይቻላል። ላዩ ላይ የተቆላ የመተማ ነጭ ሰሊጥ እበትናለሁ፤ ከአረፋው ጋር ግን አታዋህጅው፣ ዘይቱ ያወርደዋል።

ማጓጓዙን ሳትዘነጊ፦ ተደራርቦ ባጃጅ ላይ አይጫንም፣ በተለይ በኮብልስቶኑ ቁልቁለት። ክቦቹን በመካከላቸው ወረቀት አድርገሽ ለየብቻ፣ ክሬሙን በበረዶ፣ ፍራፍሬውን በሳህን ይዘሽ ሂጂ። እዚያው ጓዳ ውስጥ ደራርቢው፣ ከመቅረቡ ከግማሽ ሰዓት በፊት። አንድ ክብ ቢሰበርብሽ አትደንግጪ፤ የተሰበረውን መሐል ላይ አድርጊው፣ ክሬሙ ይሸፍነዋል። ከላይ በገለጽኩት መጠን 22 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ክቦች ይወጣሉ፤ ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል።

ድግሱ በጾም ቀን እንዳይውል ስለ ቀኑ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ ከረቡዕና ዓርብ፣ ከነነዌም ሦስት ቀን በቀር ክፍት ነው። ጥምቀት ራሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል አይጾምም፤ ዋዜማው ገሃድ ግን ይጾማል፤ እንግዳ የምትጠብቅ ከሆነ አስብበት።

ለጾም ይሆናል ወይ ላላችሁም፦ ይሆናል፤ ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ይመታል። ይህ ዘዴ በ2014 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ነው በዓለም የታወቀው። ሽምብራውን ከቀቀላችሁ በኋላ ውሃውን ብቻ እንደ አጥሚት እስኪወፍር አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ነጭ ይተካል። ሽታው በሎሚና በቫኒላ ይጠፋል። ክሬም ዱቄት ስትገዙ ግን «የአትክልት» የሚለውን ብቻ አትመኑ፤ ብዙዎቹ ከወተት የሚወጣ ካዜኔት አለባቸውና ጀርባውን አንብቡ።

እህቴ፣ መልሱ የሚውልበትን ቀን ጻፊልኝ። በዚያ ሳምንት ትእዛዝ ከሌለኝ ቴርሞሜትሩንና ሦስቱን ትሪዎች አውስሻለሁ፤ ጋጋሪውንም አብረን ሄደን እናነጋግረዋለን።