የኤሲ መዳብና የብረት ቧንቧ ተበይዶ አልያዝ አለ፣ ምን ይሻላል?

የፍራንኮዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከአዳማ ነው። እናቴ ቤት ቦይለር አስገባን። ከቦይለሩ ወደ ኩሽና የሚሄደው መስመር የድሮ ጋልቫናይዝ ብረት ነው። መሃሉ ዝጎ ስለተበሳ ቆርጠን አወጣነው። ወንድሜ ኤሲ ሲገጠም የተረፈ አዲስ ግማሽ ኢንች መዳብ ነበረውና በሱ እንተካው አለ። ፍሪጅ የሚሠራ ባለሙያ ጠራን፣ መዳቡን ብረቱ ውስጥ አስገብቶ በብየዳ ዘንግ በየደልን። መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ ቦይለሩ እየሞቀ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የተበየደው ዙሪያ ስንጥቅ አወጣና ማንጠባጠብ ጀመረ። አስደገምነው፣ ያው ነው። ማዕዘኑ ላይ ደግሞ መዳቡን በእጅ ሲያጥፉት ስለተጨፈለቀ ውኃው ቀጥኗል። ሌላ ዓይነት ዘንግ ልግዛ ወይስ ሰው ልቀይር? ግድግዳው ሳይለሰን እንዲያልቅ ነው የምፈልገው።

ቧንቧ ሠሪው፦
እህቴ፣ ሰው ብትቀይሪም አሠራሩ ካልተቀየረ ተመልሶ ያፈሳል። ልኩን ተመልከቺ። የኤሲ መዳብ ግማሽ ኢንች ሲባል ከውጭ ተለክቶ ነው፣ 12.7 ሚሊ ሜትር። የቧንቧ ብረት ግማሽ ኢንች ሲባል ግን የስም ልክ ነው፣ ከውጭ 21.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ውስጡም ከመዳቡ በጣም ይሰፋል። ስለዚህ አንዱ ሌላው ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን ክፍተት ይቀራል። የቀለጠ ዘንግ ደግሞ እየተሳበ ገብቶ የሚይዘው ክፍተቱ በጣም ጠባብ ሲሆን ነው፣ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ ሲሰፋ ቀዳዳ መድፈን ነው የሚሆነው፣ ሙቅ ውኃ ሲመላለስበት ይለቃል።

ምናልባት ባለ ብር ዘንግ በፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ በሚቀባ ማጽጃ) ቢሞከር ይይዝ ይሆናል፣ እኔ ግን እዚህ ቦታ ላይ እሳት ባይነካው ነው የምመርጠው። የናስ መገጣጠሚያ ይበቃሻል።

ኤሲና ፍሪጅ፦
እኔ ሥራዬ ይሄው ስለሆነ ዘንጉን ላስረዳ። አብዛኞቻችን የምንይዘው መዳብ ከፎስፈረስ ጋር የተቀላቀለበትን ነው። መዳብ ከመዳብ ሲሆን ፍላክስ እንኳ አይፈልግም፣ በጣም ጥሩ ነው። ብረት ላይ ግን ፈጽሞ! ፎስፈረሱ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ተሰባሪ ንብርብር ይሠራል። ያየሽው ስንጥቅ ከዚህ ይመጣል፣ መቶ ጊዜ ቢደገምም አይድንም።

ባለ ብር ዘንግ ብረትና መዳብ ያያይዛል፣ እውነት ነው። ችግሩ ጋልቫናይዙ ነው። ላዩ ዚንክ ነው፣ ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ907 ይተናል። ቶርች ሲነካው የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ብዙ በያጆች ወተት ጠጥተው ይገቡበታል፣ ወተት ግን ሳንባ አይጠብቅም። ዚንኩ የተቃጠለበት ብረት ደግሞ ባዶውን ስለሚቀር በዚያው በኩል እንደገና ይዝጋል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። የተበየደውን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉት። የኤሲ ባለሙያ የቱቦ አፍ የሚዘረጋበት መሣሪያ አለው። ናት (ማሰሪያ ዳዶው) መጀመሪያ መዳቡ ላይ ይግባ (ይሄ ሲረሳ ሥራው ከእንደገና ነው)፣ ከዚያ የመዳቡ አፍ ይዘርጋ። በአንድ በኩል የኤሲ ጥርስ፣ በሌላው ግማሽ ኢንች የቧንቧ ጥርስ ያለው የናስ መገጣጠሚያ ይታሰርበት። ቴፍሎን የሚጠመጠመው በቧንቧው ጥርስ ላይ ብቻ ነው። የተዘረጋው አፍ ናሱ ላይ ተጣብቆ ስለሚያሽግ ቴፍሎን አይፈልግም።

አንድ ነገር አረጋግጪ። መዳቡ የእውነት አዲስ ነው? ኤሲ ላይ የሠራ ከሆነ ውስጡ የኮምፕሬሰር ዘይት አለ፣ ለኩሽና ውኃ እንዳታስገቢው።

መዳብ ቀጥቃጭ፦
ስለ እጥፋቱ እኔ ልበል። ጌጥና የመብራት መቆሚያ ከመዳብ ቱቦ እሠራለሁና መጨፍለቅ የዘወትር ጠላቴ ነው። ቱቦ ሲታጠፍ የውጭው ጎን ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨማደዳል፣ መሃሉ ባዶ ስለሆነ ይሰምጣል። ስለዚህ ባዶነቱን መሙላት ወይም ዙሪያውን መያዝ ነው። ለኤሲ መዳብ ከቱቦው ላይ የሚጠለቅ የማጠፊያ ሞላ አለ፣ እሱ ከተገኘ ሌላ አያስፈልግም። ካልተገኘ ደቃቅ አሸዋ ሞልቶ፣ እየመቱ አጠቅጥቆ፣ ሁለቱን ጫፍ ደፍኖ ቀስ እያሉ ማጠፍ ነው። አሸዋው ድርቅ ያለ ይሁን! እርጥበት ካለውና ቱቦው እሳት ካየ እንፋሎቱ ድፋኑን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። ለቧንቧ ሥራ ስትጨርሱ አሸዋውን በደንብ እጠቡት፣ ቫልቭ ይበላል።

መዳቡ ከጠነከረባችሁ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሙቁትና ውኃ ውስጥ ጨምሩት። ብዙ ሰው ይጠነክራል ብሎ ይፈራል፣ እሱ የምላጭ ብረት ጠባይ ነው። መዳብ ይለሰልሳል። ለ12.7 ሚሊ ሜትር ቱቦ እጥፋቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ባይጠብብ ጥሩ ነው። የተጨፈለቀውን መልሶ ማቅናት አይሞከርም፣ ይቆረጥ።

የፍራንኮዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። መሃል ላይ መዳብ ከመዳብ የሚቀጠልበት አንድ ቦታ አለ። ሬዲዮ ሠሪዎች ጋ ባለው ሊድ (በትንሽ ሙቀት በሚቀልጠው የብየዳ ሽቦ) ብናስበይደውስ? በዚያ ላይ ቦታው ደጅ ነው፣ የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ።

ኤሲና ፍሪጅ፦
ያ ሊድ አብዛኛውን ጊዜ 40 በመቶው እርሳስ ነው። እናትሽ በሚያበስሉበት ውኃ ውስጥ አይገባም። አሜሪካኖች ለመጠጥ ውኃ ቧንቧ በ1986 እ.ኤ.አ. ከልክለውታል። እርሳስ የሌለበት የቆርቆሮ ሊድ በ227 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ እሱን ጠይቂ። አለዚያ ያው ባለሙያ በዚያው ዘንጉ መዳብ ከመዳብ ይበይድልሽ፣ እዚያ ላይ ትክክለኛ ነው፣ ግን አንዱ አፍ ሰፍቶ ሌላው ጥብቅ ብሎ ይግባ። በየትኛውም ቢሆን ቱቦው ውስጥ ጠብታ ውኃ አይኑር። ውኃ ካለ ሙቀቱ እዚያው እንፋሎት ሆኖ ያልቃል እንጂ ወደ መዳቡ አይደርስም። ለነፋሱ ቆርቆሮ ከልሉበት።

ቧንቧ ሠሪው፦
የመጨረሻ ነገር። ውኃው ከብረት ወደ መዳብ ቢሄድ ችግሩ ቀላል ነው። ከመዳብ ወደ ጋልቫናይዝ ሲሄድ ግን ውኃው መዳብ እየያዘ ሄዶ ብረቱን ይበሳዋል። የናንተ ደግሞ ከመዳቡ በኋላ ወደ ኩሽና የሚቀጥለው ብረት ነው። ናሱ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ግድግዳው ክፍት እያለ ያንን የቀረውን ብረት በፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ቀይሪው፣ ውስጡ ናስ ያለው ባለ ጥርስ መገጣጠሚያ አለው። ፕላስቲክ ሲገባ ግን ብረቱ ከመሬት ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣልና ግድግዳውን ከመለሰናችሁ በፊት የቦይለሩን የግራውንድ ሽቦ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ።