ለቼሳፒክ ስትራይፐር ሊደር፦ አይዘረጋልኝም፣ ቋጠሮውም ለቀቀኝ

የዝዋይ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዝዋይ ዳር ነው ያደግኩት፤ ቆሮሶ በናይለን ክር ስይዝ ኖሬ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ስትራይፐር የሚባለውን ዓሣ በፍላይ (ከላባና ከጸጉር በሚሠራ ማታለያ) ማጥመድ ጀምሬያለሁ። ዘንጌ 8 ቁጥር፣ መስመሬ (የምወረውረው ወፍራም ክር) ተንሳፋፊ ነው። ሳንዲ ፖይንት ፓርክ፣ ከቤይ ድልድይ አጠገብ ካሉት ድንጋዮች ላይ ሆኜ እወረውራለሁ። ሊደሩን (መስመሩንና ፍላዩን የሚያገናኘውን ክር) የገዛሁት ከሱቅ ነው፤ 9 ጫማ፣ ትራውት ለሚባለው ዓሣ የተሠራ። ቀጭን ጫፉን ቆርጬ 16 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን (ከናይለን የሚለይ ሰው ሠራሽ ክር) ቀጠልኩበት። ክላውዘር (ባለ ከባድ ዓይኑን ፍላይ) ስወረውር ግን ክሩ ሳይዘረጋ ውኃው ላይ ይከመራል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጥሩ ስትራይፐር ይዤ ለቀቀኝ። ምን ላድርግ?

ጋሽ አጥማጁ፦ የትራውት ሊደር ሥሩ (ከመስመሩ ጋር የሚያያዘው በኩል) ለስላሳና ቀጭን ነው፤ የመስመሩን ጉልበት ተቀብሎ ያን ከባድ ፍላይ ሊገለብጠው አይችልም። ራስህ ሥራው ልጄ፣ ርካሽም ነው። ከመስመሩ ቀጥሎ ጠንከር ያለ ናይለን፣ 40 ፓውንድ፣ 4 ጫማ ተኩል። ከዚያ 30 ፓውንድ 2 ጫማ፣ መጨረሻ 20 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን 2 ጫማ። ግማሽ ያህሉ ወፍራም መሆኑ ነው ዋናው። ናይለኑን በመስመሩ በኩል ያደረግሁት ፍሎሮካርቦን ስለሚሰምጥ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ድንጋይና የኦይስተር ዛጎል ሲፍቀው ቶሎ አይበጠስም።

ማታ አጥማጅ፦ ጋሼ ያሉት ለተንሳፋፊ መስመር ልክ ነው። ሰማጭ መስመር ስትጠቀም ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ 20 ፓውንድ ወጥ ክር፣ 4 ጫማ ይበቃል። ረጅም ካደረግከው መስመሩ ሲሰምጥ ፍላዩ ከላይ ይቀራል። ለመሆኑ ዓሣው ሲለቅህ የክሩ ጫፍ ምን ይመስል ነበር?

የዝዋይ ልጅ፦ ፍላዩ የለም። ጫፉ ጥቅልል ብሎ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ሆኗል።

ማታ አጥማጅ፦ እንግዲያው ክሩ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈታ። የተጠቀለለ ጫፍ ምልክቱ ያ ነው። ስትቋጥር በምራቅህ አርጥበው፤ ደረቅ ክር ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ይደክማል። ቀስ ብለህ አጥብቀህ በእጅህ ሳብ፤ ከተንሸራተተ ቆርጠህ እንደገና።

እሙ ናሆም፦ ከክላውዘር ጋር እኔ የማይንሸራተተውን የቀለበት ቋጠሮ ነው የማስረው፤ በ2018 ያረፉት የሜሪላንዱ የፍላይ አጥማጅ ሌፍቲ ክሬ ለዓመታት ያስተማሩት። ፍላዩ ቀለበቱ ውስጥ እንደ ልቡ ስለሚወዛወዝ ትንሽ ዓሣ ይመስላል። አሠራሩ፦ ክሩ ላይ ላላ ያለ ተራ ቋጠሮ አስቀድመህ ትሠራለህ። ጫፉን በፍላዩ ዓይን አሳልፈህ መልሰህ በዚያው ቋጠሮ ውስጥ፣ በወጣበት በኩል ታስገባዋለህ። ከዚያ ጫፉን በዋናው ክር ላይ 4 ጊዜ ትጠመጥምና ጫፉን እንደገና በዚያው ቋጠሮ፣ በዚያው በኩል ትመልሳለህ። አርጥበህ ሳብ። የመጀመሪያው ቋጠሮ ወደ ፍላዩ ሲጠጋ ቀለበቱ ያንሳል፤ ትልቅ አታድርገው።

የክሮቹን መገናኛ ደግሞ ብለድ ኖት በሚባለው ቋጠሮ እሰር፣ በየጎኑ 5 ዙር። ዙሮቹ ተደራርበው ከተጠመጠሙ አትመነው።

የዝዋይ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዛሬ ማታ ነፋሱ ፊት ለፊት እየመጣም ሊደሩ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ሁለት ስትራይፐር ያዝኩ። ሦስተኛውን ግን አንዳች ነገር ክሩን በመቀስ የቆረጠው ያህል ወሰደብኝ።

ጋሽ አጥማጁ፦ ብሉፊሽ የሚባለው ዓሣ ነው፣ ጥርሱ ስለት ነው። እሱ ሲኖር ከፍላዩ በፊት 4 ወይም 5 ኢንች ቀጭን ሽቦ ጨምር። ስትራይፐር ብቻ ሲሆን አውልቀው፤ ሽቦ የፍላዩን እንቅስቃሴ ያደርቀዋል። ከያንዳንዱ ዓሣ በኋላም የመጨረሻዋን ክንድ ያህል ክር በጣትህ ዳሰስ አድርጋት፤ ሻካራ ከሆነች ቁረጣት።