ሉፐስ የእህቴን ኩላሊት ነክቷል፤ መድኃኒቱን ያገኘ ወይም የወሰደ ይርዳን

ሰላም ወገኖቼ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። ታናሽ እህቴ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) አለባት፤ አሁን ደግሞ ኩላሊቷን ነክቷል። ሽንቷ አረፋ ይሠራል፣ እግሯ ያብጣል፣ ግፊቷም ከፍ ብሏል።

አዲስ አበባ ሄዳ የኩላሊት ናሙና ተወሰደላት። ውጤቱ ክላስ 4 ነው። (ቁጥሩ የጉዳቱን ዓይነት ነው የሚናገረው፤ ኩላሊቷ አበቃለት ማለት አይደለም።) ፕሬድኒሶሎንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጀምራለች። ከእነሱ ጋር ወይ ማይኮፊኖሌት ወይ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት የግድ ነው ተብለናል።

የጨነቀን እዚህ ጋ ነው። ያገባችው በቅርቡ ነው፤ ልጅ በጣም ትፈልጋለች። ሳይክሎፎስፋማይድ መጠኑ ሲበዛ መውለድን ሊያሳጣ ይችላል። ማይኮፊኖሌት ይህ ችግር የለበትም፤ ግን ጽንስ ስለሚጎዳ እየወሰዱ ማርገዝ አይቻልም። ካቆሙ በኋላም ቢያንስ 6 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። እሷ ይሄንን መርጣለች። እኛ ግን እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈርም ሳቢያን ሰፈርም ፈልገን አጣነው።

ድሬ ወይም ሐረር ማይኮፊኖሌት ሳይቋረጥ የምታገኙበት ፋርማሲ አለ? አንድ ወር ተገኝቶ በሚቀጥለው ቢጠፋ ምን ይውጣታል? ካልተገኘ፣ አነስተኛውን የሳይክሎፎስፋማይድ መጠን፣ ማለትም በየ2 ሳምንቱ 500 ሚሊግራም 6 ጊዜ የወሰደች እህት ትንገረን። የወር አበባሽ ተዛብቶ ነበር? ከዚያ በኋላ ወልደሻል?

ያለ ሐኪሟ ምንም አንቀይርም። ቀጠሮዋ ሰኞ ነውና እባካችሁ እስከዚያ የምታውቁትን ጻፉልኝ።