ክርክር፦ ልጆች 16 ዓመት ሳይሞላቸው ቲክቶክና ፌስቡክ በሕግ ይከልከሉ?

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ ወላጆች። በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሳንጨርሰው የተበተንንበትን ጉዳይ እዚህ እንቀጥል። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክ፣ ስናፕቻት፣ ዩቲዩብና መሰሎቻቸው ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። የሚቀጣው ልጁ ወይም ወላጁ አይደለም። ኩባንያው ነው፤ ቅጣቱ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል። እኛም አገር እንዲህ ያለ ሕግ ይውጣ? ለልጆቻችን አእምሮ ይበጃል? እንደተለመደው በመከባበር።

የሦስት ልጆች እናት፦ ይውጣ! የ14 ዓመት ልጄ ሌሊቱን የቲክቶክ ባትል ስታይ ታድራለች። ሁለት ሰው ተፋጦ ይሰዳደባል፤ ተመልካቹ "አንበሳ ላኩ" እየተባለ፣ በገንዘብ የሚገዛ የስጦታ ምስል እየላከ ገንዘቡን ይረጫል። ጠዋት ስቀሰቅሳት ዓይኗ ቀልቶ ነው የምትነሳው። አሁን ደግሞ መስታወት ፊት ቆማ በመልኳ ማማረር ጀምራለች። ይሄን ቤት ውስጥ አልተማረችውም። ስልኩን ስቀማት ቤቱ ይረበሻል፤ ለሁለት ቀን አታናግረኝም። ሕግ ቢኖር ቢያንስ ብቻዬን አልጋፈጣትም ነበር።

የሒሳብ መምህር፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን ሕጉ ልጅሽን አያገኛትም። የማስተምራቸውን ልጆች ስጠይቅ ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በእናታቸው ወይም በታላቅ ወንድማቸው ስልክ ነው፣ በእነሱው አካውንት። ኩባንያው የሚያየው የ40 ዓመት ሰው ነው። ደግሞ የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሲዘጉ የሆነውን አስታውሱ። እስከ ሐምሌ ድረስ ስንቱ ሰው በቪፒኤን ሲገባ ከረመ። ለአዋቂዎቹ ቪፒኤን የሚጭኑላቸው ልጆቹ ነበሩ። ቲክቶክ ራሱ እኮ ከ18 ዓመት በታች ላይቭ መግባትም ሆነ ስጦታ መላክ አይፈቅድም። ደንቡ አለ፣ ማን አከበረው?

ቤይሩት ያለች እናት፦ እኔ እቃወማለሁ። ልጄ የምታድገው አያቷ ጋ ነው። 13 ዓመቷ ነው። ዩኒፎርሟ እንዳጠራት ያወቅኩት ቲክቶክ ላይ በለቀቀችው ቪዲዮ ነው። ብትዘጉባት በምን ላያት ነው?

አወያይ፦ ለማብራራት ያህል፣ የአውስትራሊያው ሕግ ዋትስአፕን የመሰሉ የመልእክትና የመደወያ መተግበሪያዎችን አይነካም። በዚያው ከሄድን በኢሞ መደወል አይቋረጥም።

ቤይሩት ያለች እናት፦ ገባኝ። ግን ኢሞ ላይ የምትነግረኝ እኔን እንዳያስጨንቀኝ የመረጠችውን ነው። "ደህና ነኝ እማ፣ ትምህርት ጥሩ ነው" ትላለች። የሚያስለቅሳትን የምታወጣው ቲክቶኳ ላይ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ የኔ እህት፣ እንኳን ለልጅሽ አበቃሽ እላለሁ። ግን አንቺ ያየሽውን የማታውቂው ሰውም ያየዋል። ስታለቅስ አይቶ "አይዞሽ" እያለ በውስጥ መስመር የሚገባ ጎልማሳ አለ። እኔ ልጄ ስልክ ላይ አግኝቼዋለሁ።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ ክርክሩ ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ አንድ ማሳሰቢያ አውጥተው ነበር። በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚቆዩ ልጆች ለድብርትና ለጭንቀት ምልክቶች ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ ነው ይላል። ይህን ይዞ "ቲክቶክ ያሳብዳል" የሚል ሰው አለ። እኔ አልልም። የከፋው ልጅ ስልክ ውስጥ ይደበቃል፣ እዚያ የሚያየው ደግሞ ያብስበታል። የቱ እንደቀደመ መለየት ቀላል አይደለም። እንቅልፍ ላይ ግን አልጠራጠርም። ሳምንት ሙሉ በወጉ ያልተኛ ልጅ ይነጫነጫል፣ ያለቅሳል፣ ትምህርት አይገባውም። ቤተሰቡም "ምን ነካው፣ ጸበል እንውሰደው?" ይላል። ጸበሉን አልነቅፍም፣ መጀመሪያ ግን ይተኛ።

ስለ ልጆች ብቻ ስናወራም ቅር ይለኛል። በጦርነቱ ጊዜ የሬሳ ምስል በስልካቸው ደጋግመው ያዩ አዋቂዎች ዛሬም እንቅልፍ የላቸውም። ናይሮቢ ውስጥ ለፌስቡክ እንዲህ ያለውን ምስል ሲያጣሩ የነበሩ ከ140 በላይ ሠራተኞች ከባድ የአእምሮ ጠባሳ እንዳለባቸው በሐኪም ተረጋግጦ ለኬንያ ፍርድ ቤት ቀርቧል። እነሱ ሥራቸው ነበር። የእኛ ሰው ግን ያንኑ በነጻ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያያል። ከ16 ዓመት በላይ ስለሆነ ማንም አይጠይቅለትም።

የኮምፒውተር ባለሙያ አባት፦ ሲስተር ያነሳችው ነገር ዋናው ነው። ልጁን ከበሩ ከመመለስ ቤቱን ማስተካከል ይቀድማል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በ2014 ከመገደላቸው በፊት ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቶአቸው ከውንጀላ ጋር ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው ይነሳልን ብሎ አመለከተ፣ በጊዜው ሰሚ አላገኘም። በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ያቀረበው ክስ ያለው ናይሮቢ ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። እኛ የሚያስፈልገን ሕግ ኩባንያዎቹን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹም የሚያጣራ በቂ ሰው እንዲቀጥሩ፣ አቤቱታም በቀናት ውስጥ እንዲመልሱ የሚያስገድድ ነው። ሌሊት ለልጅ አካውንት ማሳወቂያ አይላክ። ዕድሜ በመታወቂያ ይጣራ ከተባለ ግን እኔ የለሁበትም። የልጆቻችንን መረጃ ጭራሽ ለነዚሁ ኩባንያዎች ልናስረክብ?

የሒሳብ መምህር፦ ኩባንያው ላይ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦ እናንተ የምትሉት ሕግ እስኪወጣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ኩባንያው ይጠየቅ፣ ደስ ይለኛል። እስከዚያ ድረስ ግን ክልከላውም ይኑር፤ ግማሹን ልጅ እንኳ ቢያስቀር ለእኔ ብዙ ነው። "ሁሉም ጓደኞቼ አላቸው" ስትለኝ የምመልሰው የለኝም። ግማሾቹ ባይኖራቸው ይኖረኝ ነበር።

ቤይሩት ያለች እናት፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። ክልከላው ከመጣ ልጄ ሲከፋት የምታዋራው ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አለ? የሥነ ልቦና አማካሪ ይቀጠር ተብሎ ነበር፣ ከምን ደረሰ?

አወያይ፦ እስካሁን አልተቀጠረም። ለሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ አድርጌ ይዤዋለሁ።